የ29 ዓመት ሰው ሰነፍ ዓይን፦ ሙሉ ቁጥሩን ማድረግ ዋጋ አለው?

ጀማሪ ኦፕቲሺያን

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሰነፍ ዓይን (አምብሊዮፒያ) የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሕፃናት ነው፤ የኔ ጥያቄ ግን ስለ አዋቂ ነው። ቁጥሩን ሳልቆርጥ አስቀምጣለሁ፣ የሚታያችሁን ንገሩኝ።

ሰውየው 29 ዓመቱ ነው። መነጽር አድርጎ አያውቅም፣ በልጅነቱም ዓይኑ ተሸፍኖለት አያውቅም። በከቨር ቴስት (አንዱን ዓይን እየሸፈኑ የሌላውን እንቅስቃሴ በማየት) ሲታይ ዓይኑ አይንሸዋረርም። የታዘዘለት ይሄ ነው (ፕላሱ በዳዮፕተር የሌንሱ ኃይል ነው፤ −1.25 አስቲግማቲዝም የሚያርመው ሲሊንደር፣ 180 ደግሞ የሲሊንደሩ አቅጣጫ ወይም አክሲስ ነው፤ 6/24 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ24 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ ነው)፦

ቀኝ፦ +0.50፣ እይታ 6/6
ግራ፦ +4.50 −1.25 × 180፣ እይታ 6/24

በግራው ፊደል አንድ በአንድ ሲቀርብለት 6/18 ያነባል፤ ፊደሎቹ በመስመር ሲደረደሩ ግን 6/24 ላይ ይቆማል። ፒንሆል (በጠባብ ቀዳዳ ማሳየት) ምንም አልጨመረለትም።

መነጽሩን በሦስተኛው ቀን መልሶ አመጣው። ደረጃ ሲወርድ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል፣ ሲያነብ ግንባሩን ይወጥረዋል። የተሰጠኝ ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ "ሰነፍ ዓይን ከ7 ዓመት በኋላ አይድንም፤ ግራውም ላይ +0.50 አስገባና ተገላገል" ይላል። ሌላው፣ "ግማሹን ስጠው፣ +2.25 አድርግለት" ይላል። የትኛው ይሻላል? ሙሉ ቁጥሩ በዚህ ዕድሜ እይታውን ያሻሽላል? ካሻሻለስ በስንት ጊዜ?

ኦፕቶ ዘጠኝ

ሁለቱንም ምክር አትቀበል፣ በተለይ የመጀመሪያውን። "ይሄ ዓይን ስለማይሠራ የማመጣጠኛ ሌንስ ይበቃዋል" የሚባለው ነገር ብዙ አዋቂዎችን ያለ ሕክምና ያስቀረ ልማድ ነው። ለዚህ ሰው ሕክምናው ራሱ ሌንሱ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ሁለቱ ዓይኖቻችን ለቅርብና ለሩቅ ትኩረታቸውን ሲያስተካክሉ እኩል ነው የሚያስተካክሉት፤ አንዱ ብቻውን የበለጠ መጨነቅ አይችልም። የዚህ ሰው ቀኝ ዓይን ትንሽ ተጨንቆ ምስሉን ሲያጠራ፣ ግራው በዚያው ቅጽበት ገና 4 ዳዮፕተር ይጎድለዋል። ሩቅ ቢያይ፣ ቅርብ ቢያነብ፣ ግራው ሁልጊዜ ብዥታ ውስጥ ነው። አንድ ዓይኑ −3.00 ከሆነ ሰው ጋር አወዳድረው፦ ያ ዓይን ሩቅ ባያይም ከ33 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ጥርት ያለ ምስል ያገኛል፤ ስለዚህ አንጎል ጨርሶ አይረሳውም። በፕላስ በኩል ከ1 እስከ 1.5 ዳዮፕተር ልዩነት እንኳ ዓይን ሊያሰንፍ የሚችለው፣ በማይነስ በኩል ግን ልዩነቱ ወደ 3 ዳዮፕተር መድረስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሰው እንግዲህ 29 ዓመት ሙሉ በግራው አንድም ጊዜ የጠራ ምስል አላየም ማለት ነው። ግማሹን ብትሰጠው አሁንም ከ2 ዳዮፕተር በላይ ይጎድለዋል፤ ብዥታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

"ከ7 ዓመት በኋላ አይሆንም" የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚደገፈው ሁቤልና ዊዝል የሚባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድመት ግልገሎች ላይ በሠሩት ሥራ ነው፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሥራቸው ትክክል ነው። ነገር ግን እነሱ የግልገሎቹን ዓይን ቆብ ሰፍተው ዘግተው ነው የመረመሩት፤ በመነጽር ቁጥር ልዩነት የመጣ ብዥታ ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው። ፔዲግ የሚባለው የአሜሪካ የሕፃናት ዓይን አጥኚዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ7 እስከ 17 ዓመት ባሉ 507 ልጆች ላይ ያሳተመውን ተመልከት። ከ13 እስከ 17 ዓመት ካሉት መካከል ቀድሞ ሕክምና ያላገኙት፣ መነጽርና መሸፈኛ ሲያደርጉ 47 ከመቶው ቢያንስ ሁለት መስመር አሻሽለዋል፤ በመነጽር ብቻ ደግሞ 20 ከመቶው። የ29 ዓመት ሰው የ15 ዓመት ልጅ አይደለም፣ ከዚያ ያነሰ ጠብቅ። ግን በሩ በ7 ዓመት ተቆልፎ አይቀርም፤ ደግሞም ሕክምና አግኝቶ የማያውቅ ዓይን ቀድሞ ከተሞከረበት የተሻለ ተስፋ አለው።

በልጆች ላይ መነጽር ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት ውስጥ ይታያል። ለአዋቂ እኔ 24 ሳምንት እሰጣለሁ፣ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ አድርጎት። በ6ኛው፣ በ12ኛው፣ በ18ኛውና በ24ኛው ሳምንት ለካው፤ በየሳምንቱ አትለካው፣ ሰንጠረዡን በቃሉ ይይዘዋል። የምታነጻጽረው በመስመር የተደረደረውን ንባብ ነው። ፊደል አንድ በአንድ አቅርበህ "6/18 ደረሰ" ካልክ ራስህን ታታልላለህ፤ የሰነፍ ዓይን ትልቁ ድካም ፊደል ሲጨናነቅበት ነው። የጥልቀት እይታውንም ዛሬውኑ በቲትመስ ወይም በቲኤንኦ ፈተና ለካና መዝግብ። ፊደሉ አንድ መስመር ብቻ ጨምሮ የጥልቀት እይታው በግልጽ የሚሻሻልበት ጊዜ አለ፤ ደረጃ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ያኛው ይበልጥበታል።

ወደ ሌንሱ ከመሄድህ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። ቁጥሩ የተለካው ትኩረቱን በሚያዝናና ጠብታ ነው? ብሌኑና የዓይኑ የኋላ ክፍልስ ታይቷል? 29 ዓመት ላይ "ሰነፍ ዓይን ነው" የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ባትሪውን ከቀኝ ወደ ግራ ስታዘዋውር የግራው ብሌን በመጥበብ ፋንታ ከሰፋ፣ ወይም ቀይ ቀለም በግራው ከቀኙ የደበዘዘ ከመሰለው፣ የዓይን ነርቭ ጉዳይ ነውና ሐኪም ሳያየው መነጽር ላይ አትቆይ። ሰነፍ ዓይን በአዋቂነት ራሱን ችሎ እየባሰ አይሄድም። "ከአምና ዘንድሮ ቀነሰብኝ" ካለህም ሌላ ምክንያት ፈልግ።

ሌንስ ጠራቢ

ኦፕቶ ዘጠኝ ስለ አንጎሉ ያለው ትክክል ነው። እኔ ስለ ሌንሱ ልጨምር፤ መነጽሩን በሦስተኛው ቀን ያስመለሰው ምናልባት ሰነፉ ዓይን ሳይሆን አሠራሩ ነው።

መጀመሪያ ሌንሶሜትር (የሌንስ ቁጥር መለኪያ) ላይ አድርገው። የግራው ቁጥር ሲገለበጥ (በፕላስ ሲሊንደር ሲጻፍ) +3.25 +1.25 × 90 ነው፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከማዘዣ ወደ ማዘዣ ሲገለበጥ ምልክቱ ተቀይሮ አክሲሱ 180 ላይ ከቀረ ግን የሲሊንደር ስህተቱ 2.50 ይሆናል፣ ይህንን ማንም አይለምደውም። አክሲሱ ላይ 10 ዲግሪ ብትስት ከሲሊንደሩ ሲሶው ያህል ሳይታረም ይቀራል፣ 30 ዲግሪ ብትስት ጨርሶ እንዳልታረመ ነው።

ቀጥሎ የሌንሱን ማዕከል ከፍታ እይ። የግራው ሌንስ በቁመት አቅጣጫ ያለው ኃይል +4.50 አይደለም፤ አክሲሱ 180 ስለሆነ 4.50 ሲቀነስ 1.25፣ +3.25 ነው። ከቀኙ +0.50 ጋር ያለው የቁመት ልዩነት እንግዲህ 2.75 ዳዮፕተር ነው። ከማዕከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ባየ ቁጥር በሁለቱ ዓይኖች መካከል 2.75 ፕሪዝም ዳዮፕተር (ሌንስ ምስልን ምን ያህል እንደሚያዛንፍ መለኪያ) የቁመት ልዩነት ይፈጠራል። ብዙ ሰው በቁመት መሸከም የሚችለው ከ2 እስከ 3 ነው። ደረጃና ንባብ ላይ የሚቸገረው ለዚህ ነው፣ ሁለቱም ወደ ታች የሚታዩ ናቸው።

ስለዚህ ፍሬሙን ፊቱ ላይ ካስተካከልክ በኋላ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሩቅ እያየ፣ ማሳያው ሌንስ ላይ የሁለቱንም ብሌን ነጥብ ምልክት አድርግ። የብሌን ርቀቱን ለቀኝና ለግራ ለየብቻ ውሰድ፤ ድምሩን ለሁለት ማካፈል እዚህ ላይ አይሠራም። ማዕከሉን ከብሌኑ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርገው። ቀጥ ብሎ ሲያይ ልዩነቱ 0.8 ያህል ብቻ ይሆናል፣ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲያነብ 1.9 አካባቢ ይቆያል። ባይፎካልና ፕሮግሬሲቭ አያስፈልገውም። ሲያነብ አገጩን ዝቅ እንዲያደርግ፣ ዓይኑን ብቻ እንዳያወርድ ንገረው።

ሌላው የምስል መጠን ነው። ፕላስ ሌንስ ያጎላል፤ መነጽር ከዓይን በሚቀመጥበት ርቀት ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር 1.5 ከመቶ ያህል። ግራው ከቀኙ ከ4 እስከ 6 ከመቶ አጉልቶ ያሳየዋል ማለት ነው። ይህን ለመቀነስ፦ ትንሽና ክብ ቀረብ ያለ ፍሬም ምረጥ፤ አፍንጫ ማረፊያው የሚስተካከል ይሁንና ሌንሱን ሽፋሽፍቱ እስካልነካው ድረስ አስጠጋው፤ ግራውን አስፌሪክ (ጉብታው ወደ ጠርዙ እየቀነሰ የሚሄድ) አድርገው፣ ቤዙም (የፊት ጉብታው) ጠፍጣፋ ይሁን። የቀኙን ደግሞ ሆን ብለህ ወፍራምና ጎበጥ ያለ አድርገው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና +4.00 የፊት ጉብታ ያለውን ሌንስ በ4 ሚሊ ሜትርና በ+8.00 ብትተካው፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ቀኙ ራሱ 1.6 ከመቶ ያህል ያጎላል። ላቦራቶሪው "+0.50 ይህን ያህል አይወፍርም" ብሎ አቅጥኖ እንዳይልክልህ ማዘዣው ላይ በግልጽ ጻፈው።

አንድ ነገር ላይ ከኦፕቶ ዘጠኝ ጋር አልስማማም። ሙሉውን ለመሸከም እምቢ ያለን ሰው ማስገደድ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ እንዲያስቀምጠው ማድረግ ነው። በ+3.00 ጀምሮ በወር ውስጥ ሙሉውን መስጠት ምን ይጎዳል?

ጀማሪ ኦፕቲሺያን

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ያላችሁትን ሁሉ አየሁ።

ጠብታው (ሳይክሎፔንቶሌት 1 ከመቶ) ተደርጎለታል። በጠብታው ቀኝ +1.25፣ ግራ +5.25 −1.25 × 180 ነው የወጣው። የዓይን ሐኪም ሬቲናውንና ነርቩን አይቶ ጤነኛ ነው ብሏል፣ ብሌኑም እኩል ይጠብባል።

ሌንሶሜትር ላይ ቁጥሩና አክሲሱ ትክክል ናቸው። የማዕከሉ ከፍታ ግን ተሳስቷል፦ ሁለቱም ማዕከሎች ከብሌኑ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ፍሬሙም ረጅም ነው።

ሌንስ ጠራቢ

ይኸውልህ። 0.6 በ2.75 ስታባዛው፣ ቀጥ ብሎ ሩቅ ሲያይ እንኳ 1.65 ፕሪዝም ዳዮፕተር ተሸክሞ ነው የሚውለው። ሲያነብ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ከማዕከሉ 16 ሚሊ ሜትር ራቀ፣ 4.4 ደረሰ። ይህን ጤነኛ ዓይን ያለውም ሰው አይችለውም። እዚያው ፍሬም ላይ ማስተካከል አይቻልም፤ ሌንሱ እንደ አዲስ ይሠራ፣ ፍሬሙም ይቀየር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በኋላ በ+3.00 መጀመር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ኦፕቶ ዘጠኝ

የጠብታው ውጤት ጥሩ ዜና ነው። አዘዡ ከሁለቱም ዓይን እኩል 0.75 ቀንሶ 4.00ውን ልዩነት ጠብቋል። ለአዋቂ ፕላስ የሚቀነሰው እንዲህ ነው። ከቀኙ 0.75 ከግራው 2.00 ቢቀንስ ኖሮ ግራው እንደገና ብዥታ ውስጥ ይገባ ነበር።

በደረጃ መጨመር በሚለው ላይ፦ ሰውየው በትክክል የተሠራውን ሁለት ሳምንት አድርጎት ካልቻለ እቀበላለሁ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ያን ጊዜም ቢሆን ከ+3.00 መነጽር ይልቅ ግራው ላይ ብቻ ኮንታክት ሌንስ እመርጣለሁ። ኮንታክት ሌንስ ከዓይን ጋር አብሮ ስለሚዞር የቁመት ፕሪዝሙ ይጠፋል፣ የምስል መጠኑም ልዩነት በጣም ይቀንሳል። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትገልብጠው። መነጽሩ ከዓይኑ 12 ሚሊ ሜትር ርቆ ከተለካ፣ +4.50ው ዓይኑ ላይ +4.75 ይሆናል፣ የቁመቱ +3.25 ደግሞ +3.37 አካባቢ። የምታዘው ቶሪክ (ሲሊንደር ያለው ኮንታክት ሌንስ) እንግዲህ +4.75 −1.25 × 180 ነው፤ ዓይኑ ላይ ተቀምጦ ሲረጋ የሌንሱ ምልክት ምን ያህል እንደዞረ አይተህ አክሲሱን አስተካክል።

ቀኙ ላይ ኮንታክት ሌንስ አይግባ። +0.50 ያን ያህል አያስፈልገውም፣ ደህነኛውን ዓይን ለኢንፌክሽን ማጋለጥ ደግሞ ከባድ ጥፋት ነው። ግራውም ቢሆን ሌንሱን አድርጎ አይተኛበት፣ በቧንቧ ውሃ አይጠብ።

የማታ ተረኛ

ቀጣዩ ጥያቄ መሸፈኛ መሆኑ ስለማይቀር ቀድሜ ልናገር። ደህነኛውን ዓይን መሸፈን ለአዋቂ እንደ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኢንተርኔት መሸፈኛ ገዝቶ እንዳይጀምር አስጠንቅቁት።

አደጋው ድርብ እይታ ነው። አንጎሉ የግራውን ምስል ለዓመታት አፍኖት ኖሯል። ያ አፈና ሲላላና ሁለቱ ምስሎች መግጠም ሳይችሉ ሲቀሩ፣ ሰውየው ነገርን ሁለት ሁለት አድርጎ ማየት ይጀምራል። አንዳንዱ ላይ ይህ ተመልሶ አይጠፋም። ስጋቱ የሚበዛው ዓይናቸው በሚንሸዋረር ሰዎች ላይ ነው። እናንተ በከቨር ቴስት የለም ብላችኋል፣ ግን በጣም ትንሽ መንሸዋረር ከከቨር ቴስት ሊያመልጥ ይችላል። የ4 ፕሪዝም ዳዮፕተር ፕሪዝም ቤዝ አውት (ወፍራም ጎኑን ወደ ጆሮ) አድርጋችሁ ግራው ፊት አስቀምጡና ዓይኑ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ፤ ካልተንቀሳቀሰ የመሃሉ እይታ እየታፈነ ነው። የአፈናውን ጥልቀት ደግሞ በስቢዛ ባር (እየጠቆሩ የሚሄዱ ቀይ ማጣሪያዎች በተደረደሩበት ዘንግ) ለኩ። ቀዩን ማጣሪያ ደህነኛው ዓይን ፊት ከቀላሉ ወደ ጨለማው ስታወጡ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ የሚያተኩርበት መብራት ሁለት ከሆነበት አፈናው ስስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አትሸፍኑት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ መሸፈኑ የሚጀመረው መነጽሩ የሚችለውን ከሰጠ በኋላ ነው፤ ማለትም በተከታታይ ሁለት ቀጠሮ ላይ የግራው ንባብ ሳይለወጥ ሲቀር። በቀን 2 ሰዓት፣ ቤት ተቀምጦ፣ በግራው ዓይን ዝርዝር ሥራ እየሠራ፦ ንባብ፣ ስፌት፣ መጻፍ የመሳሰለው። መሸፈኛው ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ይሁን፣ መነጽሩ ከላዩ ይደረግ። ሌንሱ ላይ የሚለጠፈው በጎን በኩል ያስሾልካል፣ ሰውየውም ሳያውቀው በደህነኛው ያያል። ሸፍኖ መኪና አይነዳም፣ ደረጃ አይወጣም፣ ማሽን አይነካም። ለአፍታም ቢሆን ሁለት ሁለት ካየ መሸፈኑን ያቁምና በዚያው ሳምንት ይምጣ።

ስለ ቪዲዮ ጌምና ስለ ቪአር መነጽርም መጠየቁ አይቀርም። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2021 የፈቀደው ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል የሚያሳይ ሕክምና ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነበር። በትልልቅ ልጆችና በአዋቂዎች ላይ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ብራቮ የተባለ ሙከራ የሁለት ዓይን ጌሙ ከማስመሰያው ጌም የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ደግሞ በዚያ ሙከራ ላይ ተሳታፊዎቹ ጌሙን ከመጀመራቸው በፊት ትክክለኛ መነጽር አድርገው እይታቸው እስኪረጋ ይጠበቅ ነበር። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው እርምጃ መነጽሩ ነው።

ጀማሪ ኦፕቲሺያን

የመጨረሻ ጥያቄ። በ24 ሳምንቱ ምንም ለውጥ ካልመጣ መነጽሩን ይተው? የሌንሱ ዓይነትስ ምን ይሁን?

ኦፕቶ ዘጠኝ

24 ሳምንት አድርጎት መስመሩም የጥልቀት እይታውም ካልተነቃነቀ፣ ውጤቱን ከነቁጥሩ አስረዳውና ራሱ ይወስን። አንድ ወይም ሁለት መስመር ካገኘ ግን፣ ከ6/24 ወደ 6/18 ወይም 6/12፣ መነጽሩ ይቀጥል። መነጽሩን ካወለቀ ግራው ወደ ብዥታው ይመለሳል። በየዓመቱ ቁጥሩን አድስለት።

መነጽሩ ላይ ለመቆየት ሌላም ምክንያት አለው። ዛሬ የሚያነብበት ዓይን አንድ ብቻ ነው፤ ቀኙ ላይ አንዲት ስብርባሪ ብትገባ የሚቀረው 6/24 ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ለውጥ መጣም አልመጣም መነጽሩ የዓይን ጋሻ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ወይም ትራይቬክስ (በቀላሉ የማይሰበሩ የፕላስቲክ ሌንሶች) ይሁን። እኔ ትራይቬክስን እመርጣለሁ፦ ከባዱ ቁጥር ግራው ላይ ስለሆነ፣ ፖሊካርቦኔት (የአቤ ቁጥሩ፣ ማለትም ቀለም ያለመበተን መለኪያው፣ 30) በጠርዙ በኩል ቀለም ያፈሳል፤ የትራይቬክስ 43 ገደማ ነው። ሰነፉን ዓይን እንዲሠራ እየለመንከው ጠርዙ ላይ ሌላ ብዥታ አትጨምርበት።

ሌንስ ጠራቢ

ትራይቬክስ ከሆነ ለቀኙ ያልኩህ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ክብደቱ ብዙም አይሰማውም፤ እሱም ለጋሻነቱ ይጠቅማል። ሲደርስህ ፊቱ ላይ አድርገህ የሁለቱንም ማዕከል ከፍታ እንደገና ለካ፣ ሳትለካ አታስረክበው።